ጄትሰን ናኖ፦ ጃምፐሩን፣ ኃይሉንና ኮኔክተሮቹን ከሀ እስከ ፐ ማስተካከል

«ቦርዴ ሞተ» ብሎ ለሚደውልልኝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁሌም አንድ ነው፦ ጄ48 ላይ (የኃይል በሩን የሚመርጡት ሁለት ፒኖች ናቸው) ያለችው ጃምፐር፣ ፒን ከፒን የምታገናኘው ትንሽ ክዳን፣ ሁለቱንም ፒን ይዛለች ወይስ አንዱ ላይ ብቻ ተንጠልጥላለች? ይህን የምጠይቀው ራሴ ስለተቀጣሁበት ነው። የመጀመሪያውን ጄትሰን ናኖዬን (የኤንቪዲያን ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር) ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሻጩ አዳፕተሩንም ጨምሮ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ስሰካው አረንጓዴዋ መብራት አልበራ አለች። ኤስዲ ካርዱን ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ፣ ሞጁሉን (ፕሮሰሰሩ ያለበትን የላይኛውን ትንሽ ቦርድ) ነቅዬ መለስኩ፣ ሁለት ቀን አቃጠልኩ። ለካስ ጃምፐሯ አንድ ፒን ላይ ብቻ ነበረች። አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት ነው ሁለት ቀኔን የበላው።

ይህ መመሪያ ኤንቪዲያ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ ባለ 4 ጊጋባይት የጄትሰን ናኖ ዴቨሎፐር ኪት ላይ ብቻ ያተኩራል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 2 ጊጋባይቱ ኃይል የሚወስደው በዩኤስቢ ሲ ስለሆነ የጄ48 ጣጣ የለበትም። ቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል የታተሙትን የኮኔክተር ስሞች እዚህ «ጄ25»፣ «ጄ48» እያልኩ እጽፋቸዋለሁ።

1. መጀመሪያ የትኛው ቦርድ እንዳላችሁ እወቁ

ባለ 4 ጊጋው ሁለት ዓይነት አለው፤ ኤ02 እና ቢ01። ለመለየት ማንበብ አያስፈልግም፤ የካሜራ ሶኬቶችን ቁጠሩ። አንድ ካለ ኤ02 ነው፣ ሁለት ካሉ ቢ01። ልዩነቱ የካሜራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። የመቆጣጠሪያ ፒኖቹ ግን ስማቸውም፣ ብዛታቸውም፣ ቅደም ተከተላቸውም ይለያያል። ለአንዱ የተጻፈ መመሪያ ይዞ ሌላው ላይ ፒን ማገናኘት የተለመደ ስህተት ነው።

ጄ48ም ቦታው አንድ አይደለም። ቢ01 ላይ ከክቡ የኃይል ሶኬት ጀርባ ታገኙታላችሁ፤ ኤ02 ላይ ከካሜራው ሶኬት አጠገብ ነው።

2. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ቴስተር፣ ወረንጦ፣ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ እና ሁለት ወይም ሦስት ትርፍ ጃምፐር። ጃምፐር ለመግዛት አትቸገሩ፤ ከተበላሸ የድሮ ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ነቅላችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። የፒኖቹ ርቀት ያው የተለመደው 2.54 ሚሊሜትር ነው። ከላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የምትነቅሏት ግን ትንሽ ጠበብ ስለምትል በግድ አትግፏት።

ቦርዱን ምንጣፍ ላይ ወይም የሱፍ ጨርቅ ላይ አታስቀምጡት። ከመንካታችሁ በፊት በእጃችሁ ቀለም ያልተቀባ ብረት ነካ አድርጉ። ጃምፐርም ሆነ ገመድ የምትነኩት ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ከተነቀለ በኋላ ነው፤ ይህችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገራት።

3. የኃይል ምርጫ፦ ጄ28፣ ጄ25 እና ጄ48

ናኖ ኃይል የሚያገኝባቸው ሁለት ዋና በሮች አሉት። አንዱ ማይክሮ ዩኤስቢው፣ ጄ28 ነው፤ 5 ቮልት 2 አምፔር ይጠብቃል። ሁለተኛው ክቡ ሶኬት፣ ጄ25 ነው፤ 5 ቮልት 4 አምፔር። የትኛው በር እንደሚከፈት የሚወስነው ጄ48 ነው፦

ጃምፐር ከሌለ (ወይም አንድ ፒን ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ) ቦርዱ ከማይክሮ ዩኤስቢው ይወስዳል። ክቡ ሶኬት ላይ የምትሰኩት አዳፕተር ምንም አያደርግም።

ጃምፐሯ ሁለቱን ፒኖች ካገናኘች ቦርዱ ከክቡ ሶኬት ይወስዳል። ከማይክሮ ዩኤስቢው ምንም ኃይል አይስብም።

ቢ01 ከፋብሪካ ሲመጣ ጃምፐሯ አንድ ፒን ላይ ተንጠልጥላ ነው። እንዳትጠፋ እንጂ ለሥራ አይደለም የተቀመጠችው። ብዙ ሰው ሲያያት «ጃምፐሩ አለ» ብሎ ያልፋል።

የትኛውን ልምረጥ? እኔ ክቡን እላለሁ፤ ምክንያቴም የቁጥር ነው። ሞጁሉ ከፋብሪካ የሚመጣበት የኃይል ደረጃ 10 ዋት ነው። 10 ዋት በ5 ቮልት ሲካፈል 2 አምፔር ይሆናል። ማለትም የማይክሮ ዩኤስቢውን ድርሻ ሞጁሉ ብቻውን ጨረሰው፤ የታችኛው ቦርድ፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱና ካሜራው የሚበሉት የለም።

በዚያ ላይ የገመድ ጉዳይ አለ። ናኖ ለመሥራት ቢያንስ 4.75 ቮልት መድረስ አለበት። ከ5 ቮልት የሚነሳ ቻርጀር ካላችሁ ገመዱ ሊበላ የሚችለው ሩብ ቮልት ብቻ ነው። በ2 አምፔር ሩብ ቮልት ማለት 0.125 ኦም መሆኑ ነው፤ ያውም የሄደውና የተመለሰው ሽቦ ተደምሮ። በየሱቁ የሚሸጠው ረጅም ቀጭን የስልክ ገመድ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ስልክ ቀስ ብሎ ቻርጅ ስለሚያደርግ አይታወቅም፣ ናኖ ግን ሥራ ሲበዛበት ድንገት ይጠፋል ወይም ደጋግሞ ይነሳል። ሰዉም ሶፍትዌሩን መውቀስ ይጀምራል። በማይክሮ ዩኤስቢ መሥራት ግድ ከሆነባችሁ አጭርና ወፍራም ገመድ ምረጡ፤ ከዚያም በስክሪኑ ላይኛው ጠርዝ ካለው የኤንቪዲያ ምልክት ገብታችሁ የኃይል ደረጃውን ወደ 5 ዋት አውርዱት።

አሁን ወደ አደገኛው ነገር። የጄ25 መሰኪያ የውጭ ስፋቱ 5.5 ሚሊሜትር፣ የውስጡ 2.1 ሚሊሜትር፣ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። ይህ ልክ በየቤቱ የምታውቁት የዋይፋይ ራውተርና የሴኪዩሪቲ ካሜራ አዳፕተር መሰኪያ ነው። እነሱ ግን አብዛኞቹ 12 ቮልት ናቸው። ልክ ብሎ ይገባል፤ መግባቱ ነው ችግሩ። ጠረጴዛችሁ ላይ ሁለት ጥቁር አዳፕተሮች ካሉ የናኖው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ በትልቁ «5» ብላችሁ ጻፉ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ሀ) አዳፕተሩን ቦርዱ ላይ ሳትሰኩት ግድግዳው ላይ ብቻ ሰኩት። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ መሰኪያው መሃል ውስጥ፣ ጥቁሩን ከውጭ ያለው ብረት ላይ አድርጉ። 5 አካባቢ ካሳየ ጥሩ። የመቀነስ ምልክት ካሳየ ፖላሪቲው ተገልብጧልና አትጠቀሙበት። 12 ካሳየ መልሱት፤ የራውተሩ ነው።

ለ) አዳፕተሩን ከግድግዳ ንቀሉ። ጃምፐሯን በወረንጦ ይዛችሁ ጄ48 ላይ ሁለቱም ፒኖች እስኪገቡ ድረስ ወደ ታች ተጫኑ። ከጎን ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ከላይ ሲታይ የተንጠለጠለውም የገባ ይመስላል።

ሐ) ካርዱን አስገቡ። የኤስዲ ካርዱ ቦታ ከሞጁሉ ሥር ነው፤ ጠቅ እስኪል ግፉት።

መ) አዳፕተሩን ጄ25 ላይ ሰኩ። ማይክሮ ዩኤስቢው አጠገብ ያለችው አረንጓዴ መብራት ወዲያው መብራት አለባት። ካልበራች ወደ (ለ) ተመለሱ እንጂ ካርድ መጻፍ አትጀምሩ።

ቦርዱ እየሠራ ሳለ ትክክለኛውን ቮልት ማወቅ ከፈለጋችሁ 40 ፒኑ ላይ በፒን 2 እና በፒን 6 መካከል ለኩ። የቴስተሩን ሹል ጫፍ ግን ቀጥታ ፒኖቹ ላይ አታድርጉ። ፒን 2 5 ቮልት ነው፣ ጎረቤቱ ፒን 1 ደግሞ 3.3 ቮልት፤ ጫፉ ትንሽ ቢንሸራተት ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ኃይል ሳይኖር ሁለት ሴት ገመዶች ሰክታችሁ በገመዶቹ ጫፍ ላይ ለኩ። ካሜራው በርቶ፣ ፕሮሰሰሩ በሥራ ተወጥሮ ሳለ የምታገኙት ንባብ ነው እውነተኛው። ስክሪኑ ላይ በኃይል ጥያቄ ምክንያት ፍጥነት ቀንሻለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ሲወጣም መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ልኬት ነው።

4. ነፃ የወጣው ማይክሮ ዩኤስቢ

ጄ48ን አገናኝታችሁ ኃይሉን ወደ ክቡ ሶኬት ስታዞሩ አንድ ምርቃት አለ፦ ጄ28 ለዳታ ነፃ ይሆናል። ከላፕቶፓችሁ ጋር በዳታ ገመድ ስታያይዙት ናኖ ራሱን እንደ ኔትወርክ ካርድ አድርጎ ያቀርባል፤ አድራሻውም 192.168.55.1 ነው። ሞኒተር ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ማስተካከያ ጭምር በዚሁ ገመድ፣ በሲሪያል ግንኙነት (ጽሑፍ ብቻ በሚያመላልስ መስመር)፣ በ115200 ፍጥነት መጨረስ ይቻላል። ገመዱ ግን የዳታ ሽቦ ያለው መሆን አለበት። ከርካሽ ቻርጀር ጋር የሚመጡ አንዳንድ ገመዶች የኃይል ሽቦ ብቻ ነው ያላቸው፤ ላፕቶፑ ምንም አላየሁም ካለ መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ።

5. የመቆጣጠሪያ ፒኖቹ

ናኖ እንደ ዴስክቶፕ የማብሪያ ቁልፍ የለውም። ቁልፎቹ ሁሉ በፒን መልክ ነው ያሉት፤ በጃምፐር ወይም ራሳችሁ በምትገጥሙት ቁልፍ ሁለት ሁለቱን ታገናኛላችሁ።

ቢ01 ላይ ይህ ጄ50 ይባላል፣ 12 ፒን ነው፣ ከሂትሲንኩ (ከማቀዝቀዣው ብረት) ሥር ባለው ጠርዝ በኩል ታገኙታላችሁ፦

ፒን 1 እና 2፦ ቦርዱ መተኛት አለመተኛቱን ለሚያሳይ አምፖል (ኤልኢዲ)።
ፒን 3 እና 4፦ የሲሪያል መቀበያና መላኪያ።
ፒን 5 እና 6፦ ሲገናኙ ቦርዱ ኃይል እንዳገኘ ራሱ መነሳቱን ይተዋል።
ፒን 7 እና 8፦ እየሠራ ሳለ ሲነካኩ ዳግም ማስነሻ።
ፒን 9 እና 10፦ ኃይል ሲሰጠው ተገናኝተው ከቆዩ ወደ ሪከቨሪ ሞድ (ከኮምፒውተር እንደገና ወደሚጫንበት ሁኔታ) ይገባል።
ፒን 11 እና 12፦ ራሱ መነሳቱ ከተዘጋ፣ ማብሪያ።

ኤ02 ላይ ጄ40 ነው፣ 8 ፒን፦ 1 እና 2 ማብሪያ፣ 3 እና 4 ሪከቨሪ፣ 5 እና 6 ዳግም ማስነሻ፣ 7 እና 8 ራሱ እንዳይነሳ ማድረጊያ። አያችሁት? 5 እና 6 በአንዱ ዳግም ማስነሻ ነው፣ በሌላው ራሱ እንዳይነሳ ማድረጊያ። በተራ ቁጥር 1 ቦርዱን ለዩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ራሱ እንዳይነሳ የሚያደርገውን ጃምፐር ልግጠም ወይስ ልተው? መብራት እየሄደ በሚመጣበት ቦታ፣ ቦርዱ ሰው የማይደርስበት ላይ ከተገጠመ (ጣሪያ ላይ ካሜራ ይዞ፣ እርሻ ላይ ሴንሰር ይዞ) ተዉት። መብራት ሲመለስ ራሱ ተነስቶ ሥራውን ይቀጥላል። ጠረጴዛ ላይ ለምትማሩበት ቦርድ ግን እኔ እዘጋዋለሁ። መብራት በአሥር ደቂቃ ሦስቴ ሲሄድና ሲመጣ ቦርዱም ሦስቴ ተነስቶ ሦስቴ በግማሽ መንገድ ይጠፋል፤ ኤስዲ ካርድ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ጃምፐሯን ገጥማችሁ፣ 11 እና 12 ላይ የተበላሸ ዴስክቶፕ ማብሪያ ቁልፍ ከነሽቦው ብታያይዙ ቦርዱ እናንተ ስታዙት ብቻ ይነሳል።

6. ሪከቨሪ ሞድ

ለአብዛኛው ሰው ካርዱ ላይ አዲስ ምስል (ሙሉውን የሲስተም ሶፍትዌር ቅጂ) መጻፍ ብቻ ይበቃል። ሪከቨሪ የሚያስፈልገው ሞጁሉ ውስጥ ባለችው ትንሽ ሜሞሪ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም ሲበላሽ ወይም ለአዲሱ ምስል ሲያረጅ ነው። ለዚህ ኡቡንቱ (የሊነክስ ዓይነት) የተጫነበት ኮምፒውተርና የኤንቪዲያ የመጫኛ ፕሮግራም፣ ኤስዲኬ ማናጀር፣ ያስፈልጋል። ለናኖ የመጨረሻው የጄትፓክ (የኤንቪዲያ የጄትሰን ሶፍትዌር ጥቅል) ትውልድ 4.6 ስለሆነ፣ በኮምፒውተሩ ላይ አስተማማኙ ኡቡንቱ 18.04 ነው።

ኃይሉን ንቀሉ። ጄ48 መገናኘቱን አረጋግጡ፤ ማይክሮ ዩኤስቢው ለዳታ ስለሚያስፈልግ ኃይሉ በክቡ ሶኬት መምጣት አለበት። ቢ01 ላይ 9 እና 10ን፣ ኤ02 ላይ 3 እና 4ን በጃምፐር አገናኙ። ማይክሮ ዩኤስቢውን ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዙ። መጨረሻ ላይ አዳፕተሩን ሰኩ።

ስክሪን ላይ ምንም አይመጣም፤ አትደንግጡ፣ እንዲያ ነው የሚሆነው። ኮምፒውተሩ ላይ የዩኤስቢ ዕቃዎችን ዝርዝር ስታዩ ኤንቪዲያ የሚል ስም ከ«ኤፒኤክስ» ጋር ካያችሁ ገብቷል። አሁን ጃምፐሯን ንቀሏት። ረስታችሁ ከተዋችኋት ጭነቱ ካለቀ በኋላ ቦርዱ ኃይል ባገኘ ቁጥር ተመልሶ ሪከቨሪ ይገባል፣ እናንተም «ጭነቱ አልሠራም» ትላላችሁ።

7. ባለ 40 ፒኑ፣ ጄ41

አደራደሩ ከራስበሪ ፓይ (ሌላ የታወቀ ትንሽ ኮምፒውተር) ጋር ይመሳሰላል፤ ፒን 1 እና 17 3.3 ቮልት፣ 2 እና 4 5 ቮልት፣ 6፣ 9፣ 14፣ 20፣ 25፣ 30፣ 34 እና 39 ግራውንድ ናቸው። መመሳሰሉ ጠቃሚም አታላይም ነው። ለፓይ የተሠራ ዕቃ ልክ ብሎ ይገጥማል፤ ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

አንደኛ፣ የሲግናል ፒኖቹ 3.3 ቮልት ናቸው። 5 ቮልት የሚመልስ ሴንሰር ቀጥታ አታያይዙ፤ መሃል ላይ የቮልት መቀየሪያ ይግባ።

ሁለተኛ፣ ከፋብሪካ ሲመጣ ሥራ ያላቸው ጥቂት ፒኖች ናቸው፤ 3 እና 5፣ 27 እና 28 ለአይ-ቱ-ሲ (ሴንሰሮች በሁለት ሽቦ ለሚነጋገሩበት)፣ 8 እና 10 ለሲሪያል። የቀሩት፣ ከኃይልና ከግራውንድ በስተቀር፣ ተራ ጂፒአይኦ (በፕሮግራም የሚታዘዙ ፒኖች) ናቸው። ኤስፒአይ (ሌላ የመገናኛ ዓይነት) ወይም ፒደብልዩኤም (ፒኑን በፍጥነት እያበሩ እያጠፉ ኃይል መመጠኛ) ከፈለጋችሁ ጄትሰን አይኦ የሚባለውን መሣሪያ ተርሚናል ላይ ከፍታችሁ፣ ባለ 40 ፒኑን መርጣችሁ፣ የምትፈልጉትን ምልክት አድርጋችሁ፣ አስቀምጣችሁ ዳግም ማስነሳት አለባችሁ። ኤስፒአይ 19፣ 21፣ 23፣ 24 እና 26 ላይ ይወጣል፤ ፒደብልዩኤም 32 እና 33 ላይ። ሽቦው ትክክል ሆኖ ያያያዛችሁት ዕቃ ዝም ካለ፣ ብዙ ጊዜ ይህ እርምጃ ስለተዘለለ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በፕሮሰሰሩና በፒኖቹ መካከል የቮልት ደረጃ ቀያሪ ቺፖች አሉ፣ እነሱም አቅማቸው ደካማ ነው። በፓይ ላይ ደምቃ የምትበራ አምፖል እዚህ ብትደበዝዝ ወይም ባትበራ ቦርዱ አልተበላሸም። አምፖልም ሆነ ሪሌይ (በትንሽ ኃይል የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) በትራንዚስተር በኩል አሠሩ፤ ፒኑ የትራንዚስተሩን ቤዝ ብቻ ያዝዝ።

ፒን 8 እና 10 ላይ ጂፒኤስ ወይም ሌላ ሲሪያል ዕቃ የምታያይዙ ደግሞ ኤንቪጌቲ የሚባል አገልግሎት መስመሩን ቀድሞ እንደያዘው እወቁ። ካልዘጋችሁት የሚመጣውን ዳታ ሁለታችሁም ትሻማላችሁ፣ ለእናንተም የተቆራረጠ ፊደል ይደርሳችኋል።

8. የሲሪያል ኮንሶል

ቦርዱ ሳይነሳ ሲቀር ምን እያለ እንደሆነ የሚነግራችሁ ይህ ነው። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ ግዙ፣ ሲግናሉ 3.3 ቮልት የሆነውን። ቢ01 ላይ ጄ50 ፒን 3 መቀበያ፣ ፒን 4 መላኪያ ነው። ገመዱና ቦርዱ ይጣረሳሉ፦ የገመዱ መላኪያ ወደ ቦርዱ መቀበያ፣ የገመዱ መቀበያ ወደ ቦርዱ መላኪያ። ግራውንዱን ከጄ41 ፒን 6 ውሰዱ። ቀዩን የ5 ቮልት ሽቦ የትም አትሰኩት፤ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት። ፍጥነት 115200፣ 8 ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ማቆሚያ። ጽሑፍ ካልመጣ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋውጡ፤ ከአሥር ስምንቱ ጊዜ እኔም የማጠፋው እዚያ ነው።

9. የቀሩት ኮኔክተሮች

ካሜራ (ጄ13፣ ቢ01 ላይ በተጨማሪ ጄ49)፦ የፕላስቲኩን መያዣ በጥፍር ወደ ላይ ሳቡ፣ ጠፍጣፋውን ገመድ የብረት መስመሮቹ ወደ ሂትሲንኩ እንዲዞሩ አድርጋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፣ መያዣውን መልሱ። ተገልብጦ የገባ ገመድ ካሜራው እንዳልተገኘ ያስመስላል። የራስበሪ ፓይ ሁለተኛው ትውልድ ካሜራ ያለ ተጨማሪ ጭነት ይሠራል።

ፋን (ጄ15)፦ 4 ፒን፣ 5 ቮልት። ከዴስክቶፕ የተነቀለ ፋን 12 ቮልት ስለሚሆን መሰኪያው ቢገጥምም በደንብ አይዞርም።

ኢተርኔት አጠገብ ያለው ጄ38፦ ኃይል በኔትወርክ ገመድ ለሚወስዱ ነው። ከዚያ የሚወጣው ያልተቀየረ ከፍተኛ ቮልት ስለሆነ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ተጨማሪ ቦርድ ይፈልጋል። ጃምፐር የሚገጠምበት ፒን ይመስላል፤ አይደለም፣ እንዳትነኩት።

የዋይፋይ ካርድ (ጄ18)፦ ከሞጁሉ ሥር ነው። ሁለቱን ብሎኖች ፍቱ፣ በሁለቱ ጎን ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ አድርጉ፣ ሞጁሉ ራሱ ቀና ይላል። የአንቴና ሽቦዎቹን ካርዱን ከመግጠማችሁ በፊት ሰኩ፤ ከገባ በኋላ ጣት አይደርስበትም። ሞጁሉን ስትመልሱ መጀመሪያ ዘመም አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡት፣ ከዚያ ወደ ታች ተጫኑት። ወርቃማዎቹ መስመሮች ጎልተው ከታዩ ገና አልገባም፣ ብሎኑን አታጥብቁ።